አሥራ አምስት ጊዜ የላላው ማሰሪያ

«ይህን ሽበት ይዤ፣ ከልጆች ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀምጬ፣ ‹ቁስል ምንድን ነው?› ተብዬ ልጠየቅ?» ይሉ ነበር አቶ ገብረወልድ፣ የክሊኒኩን በር ገፍቼ ስገባ። «ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠብሁት ቁስል አይደለም? ሌላ ምን ነበር?»

«ማንም እንደዚያ ብሎ አይጠይቅዎትም፣ ጋሼ» አለ ኤሊያስ።

«አንተ ራስህ እየጠየቅኸኝ ነው እንጂ።»

የማስተምርበት ትምህርት ቤት የመስኮት መስታወት ጣቴን ቆርጦኝ ነበርና በመሐረብ ጠቅልዬ ቆምሁ። ሁለቱም አዩኝ፤ ጠባቸውን ግን አላቋረጡም። አቶ ገብረወልድ ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ፤ መሐረቡን ፈቱና ቁስሉን ያጥቡ ጀመር። አፋቸው ይቆጣ ነበር፤ እጃቸው ግን ቁጣውን የሰማ አይመስልም። ጣቴ ታጥቦ እስኪታሰር ድረስ አንድም ጊዜ አላመመኝም።

ነገሩ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ በሆሳዕና ከተማ ነው። አቶ ገብረወልድ ጣሊያን ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ከአንድ የውጭ አገር ሐኪም እግር ሥር ሁለት ዓመት ተምረው የመጡ ድሬሰር፣ ማለት ቁስል አጣቢና አሳሪ፣ ነበሩ። ድሬሰርነታቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ በዙሪያው ላለው ለፎንቆና ለዳምቦያ ሰው እሳቸው «ሐኪም» ናቸው፤ ሌላ ሐኪም የለም። ኤሊያስ ደግሞ የሺንሺቾ ገበሬ ልጅ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አድጎ፣ ጎንደር የጤና መኮንንነት ተምሮ፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ የክሊኒኩ ኃላፊ ሆኖ ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ነበር። በሥራ አለቃ፣ በዕድሜ ልጅ መሆኑ ለሁለቱም ከባድ ነበር። ኤሊያስ ሽማግሌውን ሲያዝ እየተቅለሰለሰ ነው፤ እሳቸውም ሲታዘዙ እየገሠጹት ነው።

የጠቡ ምክንያት ከአዲስ አበባ የመጣ ደብዳቤ ነበር። ድንገተኛ አደጋ የደረሰበትን ሰው ለሚቀበሉ ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው የሦስት ሳምንት ትምህርት ተዘጋጅቷል፤ አንድ ሰው፣ ቢቻል ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ከዚህ ክሊኒክ ይላክ ይላል። መልሱ ከሐሙስ ማለፍ የለበትም። ኤሊያስ የመረጠው አቶ ገብረወልድን ነው። እሳቸው ደግሞ ወጣቶቹ ሠራተኞች ይሂዱ አሉ። ኤሊያስም፣ ወጣቶቹ ከትምህርት ከወጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ደግሞስ ፎንቆ ላይ ሰው ሲቆስል ማን እነሱን ይጠራል፣ የሚጠሩት እርስዎን አይደለም ወይ ብሎ መለሰ። ማሞገሱ መስሎት ነበር፤ ሽማግሌው ግን ባሰባቸው።

«ስለሚያምኑኝ ነዋ የሚጠሩኝ። ገብረወልድ ትምህርት ቤት ገባ ሲባል የሰሙ ዕለት ምን ይላሉ? ‹እስከ ዛሬ ሳያውቅ ነው ለካ የነካካን› አይሉም? አንተ ጢምህ እንኳ በቅጡ ሳይወጣ የሰው ስም ለማፍረስ ትቸኩላለህ።»

«ጢሜ እስኪወጣ ብንጠብቅ ጋሼ፣ ወንበሩ ለሌላ አገር ይሰጣል» አለ ኤሊያስ። እኔ ፈገግ አልሁ፤ አቶ ገብረወልድ ግን መሳቢያቸውን ከፍተው ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ ደብተር አወጡና ወደ ኤሊያስ ደረት አስጠጉት። ከክሊኒኩ ወጥተው ያከሙትን ሁሉ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያደረጉትን እያንዳንዱን ነገር በዚያ ደብተር ጽፈዋል። ሰዓቱን የሚያዩባት የኪስ ሰዓት ያ የውጭ አገር ሐኪም ሲለያዩ የሰጣቸው ነበረች።

«ይህን አንብብ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስተምሩኝ ነገር ካለ መጥተህ ንገረኝ» አሉት።

ይህን ሲናገሩ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሀሊማ ትባላለች፤ የፎንቆ ሴት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ባሏ ጀማል ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ መጥረቢያ እግሩን መትቶት መሞቱን በኋላ ነው የሰማሁት። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ መጥታለች። በዓል በመጣ ቁጥር፣ ወደ ሆሳዕናም ለገበያ በወጣች ቁጥር ታመጣላቸዋለች አሉ። አቶ ገብረወልድ እንደ ሁልጊዜው አልቀበልም አሉ፤ እሷም እንደ ሁልጊዜው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እንግዳ መሆኔን አይታ ነው መሰለኝ ወደ እኔ ዞረች።

«የባሌን እግር ከፎንቆ እስከዚህ ድረስ ከእጃቸው ያልለቀቁ እሳቸው ናቸው» አለችኝ። «ቃሬዛውን የያዙት ወንዶች ይለዋወጡ ነበር። እሳቸውን የለወጠ የለም።»

አቶ ገብረወልድ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። በዚያች ሰዓት በዚህ አገር እንደሳቸው የተከበረ ሰው ያለ አልመሰለኝም፤ ኤሊያስም ነገሩን ቢተወው ይሻላል ብዬ በልቤ ፈረድሁበት። ፍርዴ አንድ ቀን እንኳ አልቆየም።

በማግሥቱ ረቡዕ፣ ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ኤሊያስ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ትምህርት ቤት መጣ። ፊቱ ያልተኛ ሰው ፊት ነበር። ከግቢው ጥግ ቆመን ነገሩን አስረዳኝ። የሚደማ እግር በላስቲክ ሲታሰር፣ ማሰሪያውን በየሩብ ሰዓቱ ማላላት ዱሮ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ትእዛዝ ነበር፤ ደም ያጣ እግር እንዳይሞት ተብሎ። ኋላ ግን በጦር ሜዳ ብዙ ቁስለኛ ያዩ ሐኪሞች ሲመረምሩት፣ እግሩን ለማዳን እየተባለ ሰውየው ራሱ እንደሚሞት ተረዱ። በላላ ቁጥር ጥቂት ደም ይፈሳል፤ ጥቂቱ ይጠራቀማል። አሁን የሚባለው፣ በመጀመሪያ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅና በእጅ አጥብቆ መጫን ነው፤ ያ እምቢ ካለ ብቻ ማሰር፤ የታሰረበትን ሰዓት ጽፎ፣ ቁስሉን የሚሰፋ ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ አለመንካት።

«የጀማል ነገር ደብተሩ ላይ አለ» አለኝ። «እሳቸው አያውቁም። እኔ ነኝ የማውቀው። ምን ላድርግ?»

እውነቱን ለመናገር የሰጠሁት ምክር የፈሪ ምክር ነበር። የሞተው አይነሣ፣ ሽማግሌውን ለምን ትገድላቸዋለህ፣ ዝም በላቸው አልሁት። ኤሊያስ ግን፣ «ነገ ጠዋት ከፎንቆ ቢጠሯቸውስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አብረን ወደ ቤታቸው ሄድን። ባለቤታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ የዳምቦያ ሴት ናቸው፤ ከጓሮ የቆጮ ጉድጓድ ከፍተው እጃቸው እስከ ክርናቸው ነጭ ሆኖ አገኘናቸው። በእጃቸው ጀርባ ሰላምታ ሰጡንና ወደ ቤት አስገቡን። አቶ ገብረወልድ ደብተሩን ሲያዩ ደስ አላቸው። የትኛውን ወደድኸው ብለው ጠየቁት። ኤሊያስ ከፈተና አንድ ገጽ ላይ ጣቱን አድርጎ፣ ይህን ራሳቸው እንዲያነቡለት ለመናቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦

«ነሐሴ አሥራ ሁለት። ፎንቆ። ጀማል፣ ዕድሜ ሠላሳ አራት። መጥረቢያ፣ ከጉልበት በታች። ደም ብዙ። ከጉልበት በላይ በላስቲክ አሰርሁ፤ ደሙ ቆመ። መኪና በጭቃው አላልፍ ስላለ በሦስት ሰዓት ተኩል በቃሬዛ ተነሣን። በየሩብ ሰዓቱ አላላሁ፤ እግሩ ሲሞቅ መልሼ አጠበቅሁ። አሥራ አምስት ጊዜ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሆሳዕና መግቢያ ላይ ዐረፈ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እግዚአብሔር ያላለው ሰው ነበር» አሉ። «አንዲት ደቂቃ አላሳለፍሁም። ሰዓቴን በግራ እጄ ይዤ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። እዚህ ላይ ‹ደሙ ቆመ› ይላል።»

«አዎን፣ ቆመ።»

«ሲያላሉትስ? ይመጣ ነበር?»

«ይመጣል እንጂ። ካልመጣማ እግሩ ሞቷል ማለት ነው። የተማርነው እንደዚያ ነው።»

«ምን ያህል ይመጣ ነበር?»

«ብዙ አይደለም። የሲኒ ያህል።»

ሽማግሌው አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዓይናቸው ግን «አሥራ አምስት ጊዜ» ከሚለው ላይ ወድቆ ቀረ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ይቆጥሩ ነበር። ከጓሮ የወይዘሮ እልፍነሽ መቆፈሪያ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እሱም ቆመ።

«ውኃ ይለምነኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ፤ ለእኛ ሳይሆን ለደብተሩ ነው የሚናገሩት። «ወንዙን ከተሻገርን በኋላ፣ ‹ሐኪም፣ እባክህ አትፍታው፤ በፈታኸው ቁጥር ዓይኔ ይጨልማል› አለኝ። እኔም፣ አትፍራ፣ ሥራዬን አውቃለሁ አልሁት።» ደግሞም፣ «ይህን አልጻፍሁትም» አሉ።

ኤሊያስ አጎንብሶ ነበር። ሽማግሌው ይህ ነገር ከታወቀ ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቁት። ከአሥር ዓመት በላይ ነው አላቸው።

«እንግዲያው እኔ የጀማልን እግር ሳስር፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ነበር።»

«ነበር። አዲስ አበባ ነበር፤ ጎንደርም ነበር። እኔ ራሴ ያኔ ተማሪ ነበርሁ፤ አውቅ ነበር።»

«ለእኔስ ማን ሊነግረኝ ነበር?»

«ማንም፣ ጋሼ። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው፤ ልቀባባው አልችልም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያስሩ፣ ሲሰፉ፣ ሬሳ ሲያወጡ፣ መጥተው ይማሩ ያለዎት ሰው የለም። ይህ ደብዳቤ የመጀመሪያው ነው። እሱንም እምቢ ካሉት የመጨረሻው ይሆናል።»

አቶ ገብረወልድ ተነሥተው እስከ በሩ ሄዱ፤ ተመልሰውም ተቀመጡ። እውነተኛውን ፍርሃታቸውን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

«ሄጄ ሌላም እንዲህ ያለ ነገር ቢነግሩኝስ? ሌላ ገጽ፣ ሌላ ስም ቢያስቆጥሩኝስ?»

የሚያጽናና መልስ ይሰጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ያስቆጥሩዎት ይሆናል» አለ ኤሊያስ። «ግን ገጹ የሚኖረው እነሱ ሲነግሩዎት አይደለም፤ አሁንም እዚሁ ደብተር ውስጥ አለ። እኛ ልንለውጠው የምንችለው ገና ያልተጻፈውን ነው።»

«አንተስ?» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው የጠብ አልነበረም። «እኔም እንዳንተ እርግጠኛ ነበርሁ። ያስተማረኝ ሰውም እርግጠኛ ነበር፤ ደግ ሰው ነበር። ዛሬ ‹አትፍቱ› የምትለው ነገር ነገ ደግሞ ቢፈርስ፣ አንተን ማን ይነግርሃል?»

ኤሊያስ ይህን ጥያቄ ያሰበበት አይመስለኝም። ከትምህርት ቤት ሲወጣ የተማረው ሁሉ ለዕድሜ ልክ የሚበቃው መስሎት እንደነበር፣ ያ እምነቱ የፈረሰው ግን ትናንት ይህን ገጽ ሲያነብ መሆኑን ነገረን። ከዚያ፣ «ከሦስት ዓመት በኋላ እኔም እሄዳለሁ» አለ። «የሚጠራኝ ቢጠፋ ጽፌ እለምናለሁ። መምህር ምስክር ይሁኑኝ።»

ወይዘሮ እልፍነሽ በሩ ላይ መቆማቸውን ያወቅነው ሲናገሩ ነው።

«እርስዎ ሰው ምን ይለኛል ይላሉ» አሉ ለባላቸው፣ እጃቸውን ከቀሚሳቸው አርቀው ይዘው። «ቆጮ ጉድጓድ ገባ ተብሎ ይተዋል? የተጠቀለለበት የእንሰት ቅጠል ያረጃል። በጊዜው ከፍቼ ቅጠሉን ካልለወጥሁለት መልካሙ ቆጮ ይበላሻል። ስከፍተው ያየች ጎረቤት ‹ቆጮዋ ተበላሽቶባት ነው› አትለኝም፤ ባልከፍተው ነው የምትለኝ።» ከዚያ ሌላ አልተናገሩም፤ ወደ ጓሮ ተመለሱ።

እኔ ልጆች የማስተምር ሰው ነኝ፤ ትምህርት በልጅነት ተጀምሮ በወረቀት የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት ግን የሐኪም ትምህርት፣ ይልቁንም የድንገተኛ አደጋ ሐኪም ትምህርት፣ ከሌላው የተለየ መሆኑን ተረዳሁ። ጸሐፊ ቢጠራጠር መዝገብ ይገልጣል፤ ዳኛ ቢጠራጠር ቀጠሮ ይሰጣል። ደም የሚፈሰውን ሰው ግን ቆየኝ፣ መጽሐፍ ልመልከት አይሉትም። በዚያች ሰዓት እጅ የሚሠራው ቀድሞ የለመደውን ነው፤ የለመደው ስሕተት ከሆነ፣ በጥንቃቄና በፍቅር ስሕተቱን ይሠራል። ስለዚህ እጅ አደጋው ሳይመጣ፣ በሰላሙ ጊዜ፣ በየጥቂት ዓመቱ እንደገና መማር አለበት። ትጋት ብቻውን ሰው አያድንም። አቶ ገብረወልድ አንዲት ደቂቃ አላሳለፉም ነበር።

ከቤታቸው ሲሸኙን ሽማግሌው ለኤሊያስ፣ «ስሜን ጻፍ» አሉት። «ደብተሩንም እዚያው ክሊኒክ አኑረው። ወጣቶቹ ያንብቡት።» ኤሊያስ ያን ገጽ ከደብተሩ እንዲያወጣው ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀ። እሳቸው ብዕር ተቀበሉትና ከገጹ ግርጌ፣ «ማሰሪያው መላላት አልነበረበትም። እኔ አላውቅም ነበር። የሚያነብ ይወቅ» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም ሙሉ ስማቸውን።

የዚህ ጥቅም ምን እንደነበረ ለአንባቢ መንገር ይገባኛል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ዳምቦያ መንገድ ላይ እግሩ በማረሻ ወደተበሳ ገበሬ ተጠሩ፤ አቶ ገብረወልድ ቁስሉን በሁለት መዳፋቸው ተጭነው፣ ማሰሪያ ሳያስፈልጋቸው፣ መኪና ላይ ተንበርክከው ክሊኒኩ አደረሱት። ዛሬ በሁለት እግሩ ገበያ ይወጣል። የክሊኒኩ ሠራተኞችም በየሐሙሱ ተሰብስበው አንድ አንድ ገጽ ከደብተሩ እያነበቡ፣ ይህ ዛሬ ቢመጣ ምን እናደርጋለን ብለው ይጠያየቁ ጀመር። የሚጽፉት ሰዎች እየበዙ፣ ‹ዐረፈ› የሚለው ቃልም እየሳሳ ሄደ። ኤሊያስም ቃሉን ጠብቆ በሦስተኛው ዓመት ሄደ። ይህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ለጀማል ግን አልደረሰም። መልካም ለውጥ ሁሉ ለአንድ ሰው ዘግይቶ የሚመጣ ይመስለኛል።

አቶ ገብረወልድ ለትምህርቱ ወደተነሡበት ቅዳሜ ልመለስ። የገበያ ቀን ነበርና አውቶቡሱ ከሚቆምበት ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ሰውና ከብት ሞልቶ ነበር። ኤሊያስን ምጥ የያዛት ሴት ክሊኒኩ ውስጥ አስቀርታው ስለነበር ለሽኝት የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። አቶ ገብረወልድ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ይዘዋል፤ ከላይዋ አዲስ ደብተርና ሁለት እርሳስ በገመድ ታስሮባታል። ሊሳፈሩ ሲሉ ሳጥኗን አስያዙኝና ወደ ቅቤ ተራ ወረዱ። ተከተልኋቸው።

ሀሊማ ቅቤዋን በቅጠል ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ስታያቸው ልትነሣ ከጀለች፤ በእጃቸው አስቀመጧት። ወዴት ነው፣ ሐኪም ብላ ጠየቀቻቸው።

«አዲስ አበባ። ልማር ነው።»

ሀሊማ ሣቀች፤ ቀልድ መስሏታል። «እርስዎ ደግሞ ምን ቀረዎት?»

«የቀረኝ አለ» አሉ። «ስመለስ ፎንቆ እመጣለሁ። የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኛለሽ። እስከዚያ ቅቤ አታምጭልኝ።»

እሷ ግን የመጨረሻውን አልሰማችም። አንድ ገዢ ዋጋ ይጠይቃት ነበርና ወደሱ ዞራለች። አቶ ገብረወልድ ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ኮፍያቸውን አስተካክለው ሳጥኗን ከእጄ ወሰዱና ሕዝቡን እየጣሱ ወጡ፤ ደህና ሁን ማለቱን ሁለታችንም ረሳነው። በኋለኛው በር ገብተው ከሁለት የዶሮ ነጋዴዎች መካከል ተቀመጡ። የሹፌሩ ረዳት የአውቶቡሱን ጎን መታ፤ አውቶቡሱም በአቧራው ውስጥ ዐቀበቱን ያዘ።

ሀሊማ የቅጠሉን ጫፍ ገልጣ፣ ቅቤው ትናንት የተናጠ መሆኑን ለገዢው ታሳይ ነበር።